ቪፒኤን ምን ይሸሽጋል?

የካቲት 2 ቀን 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ዩቲዩብ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ በሀገራችን ሲገደቡ፣ ብዙ ምእመናን የቅዱስ ሲኖዶስን መግለጫ ለመስማት ቪፒኤን መጫናቸውን እናስታውሳለን። እገዳው አምስት ወራት ያህል ቆይቷል። ይሁን እንጂ ቪፒኤን የምናነበውን ይሸሽጋል እንጂ በእርሱ መጠቀማችንን አይሸሽግም፤ የመረጃ ፍሰትን የሚመረምር መሣሪያ ቅርጹን ለይቶ ያውቀዋል። ቶር የተባለው መረብ በ2004 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የተዘጋው በዚሁ ስልት ነበር። ዛሬ በቶር ውስጥ የሚሠራው ስኖውፍሌክ ፍሰቱን ተራ የቪዲዮ ጥሪ ያስመስለዋል፤ እርሱም ቢሆን ፍጹም መሰወሪያ አይደለም። እኛን ይበልጥ የሚያሳስበን ግን ሌላ ነው፤ በነጻ የሚታደለው ቪፒኤን ባለቤት የትኞቹን ገጾች እንደምንጎበኝ ማየት ይችላል። በዚያ ሰሞን ማንነቱን ሳንጠይቅ ስልካችንን የከፈትንለት ስንቶቻችን ነን?