ያልተጻፈ ለውጥ እንዳልተሠራ ይቆጠር

ከአዲስ አበባ ተነስቶ የዓባይን በረሃ ወርዶ ለወጣ መንገደኛ ደጀን የመጀመሪያዋ የጎጃም ከተማ ናት። እንደ ደጀን ባሉ የወረዳ ከተሞች፣ በዞንና በክልል ቢሮዎችም ጭምር፣ ማኅተም ባረፈበት ደብዳቤ ራስጌ ላይ የጂሜይል ወይም የያሁ አድራሻ ማየት ብርቅ አይደለም። ነገሩ ሲነሳ የሚደረደረው ምክንያት የታወቀ ነው፤ መብራት ይጠፋል፣ ኔትወርክ ይቆራረጣል፣ በጀት የለም፣ ባለሙያ አይበረክትም። አራቱም እውነት ናቸው። ሆኖም ወረዳዎችን የሚያገናኘው የመንግሥት ኔትወርክ፣ ወረዳኔት፣ ሲዘረጋ ከቪዲዮ ኮንፈረንሱ ጎን የመልእክት መለዋወጫም በዕቅዱ ውስጥ ነበር፤ ከዚያ ወዲህም የራሳቸውን የኢሜይል ሰርቨር የተከሉ ዩኒቨርሲቲዎችና መሥሪያ ቤቶች አልጠፉም። በእኔ እምነት የከበደን መትከሉ አይደለም። የከበደን እንዴት እንደተተከለ ጽፎ ማስቀመጥ፣ ከዚያም ሰርቨሩ በተነካ ቁጥር የተጻፈውን ማደስ ነው። ይህን ሥራ ባለሙያው ጊዜ ሲተርፈው የሚሠራው ትርፍ ነገር አድርገን እስካየነው ድረስ የሚገዛው መሣሪያ ሁሉ ዕድሜው የአንድ ሠራተኛ የቆይታ ዘመን ይሆናል።

የኢሜይል ሰርቨር ከሌሎች የቢሮ ሥርዓቶች የሚለይበት ጠባይ አለው፤ ሲበላሽ አይጮህም። ድረ ገጽ ሲወድቅ የከፈተው ሁሉ ያየዋል። የደመወዝ ሶፍትዌር ሲቆም ማንም ዝም አይልም። የኢሜይል ሰርቨር ግን በከፊል ተበላሽቶ ወራት ሊቆይ ይችላል። የተላከው ደብዳቤ ተቀባዩ ዘንድ ደርሶ ከአይፈለጌ መልእክት ክምር ውስጥ ይወድቃል፤ ላኪው ልኬያለሁ ይላል፣ ተቀባዩ አልደረሰኝም ይላል፣ ሁለቱም አልዋሹም። ፖስትፊክስን የመሰለ ፕሮግራም በመቶዎች የሚቆጠሩ ቅንብሮች አሉት። አብዛኞቹን ማንም አይነካቸውም፤ የተነኩት ጥቂት መስመሮች ግን የመሥሪያ ቤቱ ታሪክ ናቸው። ፖስትኮንፍ የሚባለው የፕሮግራሙ ትእዛዝ በመሥሪያ ቤቱ የተቀመጡትን ቅንብሮች አንድ በአንድ ይዘረዝራል። ምን እንደተለወጠ ይናገራል፤ ለምን እንደተለወጠ ግን አያውቅም። አንድ የአይፒ አድራሻ ያለ ይለፍ ቃል ደብዳቤ እንዲያስተላልፍ ተፈቅዶለታል እንበል። የፋይናንስ ክፍሉ አሮጌ ማሽን አድራሻ ነበር? ለአንድ ቀን ሙከራ የተከፈተ በር ነው? የፈቀደው ሰው ወደ ሌላ ዞን ተዛውሯል። አዲሱ ባለሙያ መስመሩን ቢያጠፋው የሚቆም ነገር ይኖር ይሆን ብሎ ይፈራል፣ ስለዚህ ይተወዋል። በሩ ክፍት ሆኖ ይኖራል፤ አንድ ቀን የአጭበርባሪዎች መልእክት በዚያ ሲጎርፍ የመሥሪያ ቤቱ አድራሻ በዓለም ዙሪያ በእገዳ መዝገቦች ላይ ይሰፍራል። አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ማለትም ለማን፣ መቼና እስከ መቼ እንደተፈቀደ የሚገልጽ፣ ይህን ሁሉ ባስቀረ ነበር።

ሰነድ የሶፍትዌሩ አካል እንጂ ጌጡ አለመሆኑን የኢሜይል ሰርቨሮች ታሪክ ራሱ ይመሰክራል። ኤሪክ ኦልማን በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የሠራው ሴንድሜይል በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በሰፊው ከተሰራጩት ቀዳሚው ነበር፤ ቅንብሩ እጅግ ከመወሳሰቡ የተነሳ ስለ እሱ የተጻፈው ዋና መጽሐፍ በኋለኛ እትሙ ከሺህ ገጽ አልፏል። ፊሊፕ ሄዝል በ1995 እ.ኤ.አ. በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ኤግዚምን ሲጀምር በሌላ መንገድ ሄደ፤ ፕሮግራሙንና ማኑዋሉን ጎን ለጎን ራሱ ጻፈ። በኤግዚም ማኑዋል ውስጥ እያንዳንዱ ቅንብር የት እንደሚገባ፣ ምን ዓይነት ዋጋ እንደሚቀበል፣ ካልተነካ ምን እንደሚሆን ከስሙ ሥር ተጽፏል። አዲስ ነገር ሲጨመር ማኑዋሉ እስኪታደስ ድረስ መግለጫው በአንድ ጊዜያዊ ፋይል ይቆያል፤ ወደ ማኑዋሉ ሲዛወር ፋይሉ አጥሮ የርእሶች ዝርዝር ብቻ ይቀራል። ከቀድሞው ጋር የማይስማማ ለውጥ ደግሞ የራሱ ማስጠንቀቂያ ሰነድ አለው። ሄዝል በ2007 እ.ኤ.አ. ጡረታ ሲወጣ ፕሮግራሙ አልሞተም፤ በጎ ፈቃደኞች ተረክበውት ዛሬም ይሠራል። ለዚህ ብዙ ምክንያት ይኖራል፤ የሚረከቡት ነገር ተጽፎ መገኘቱ ግን ከመጀመሪያዎቹ መካከል ሳይሆን አይቀርም።

ያልታደሰ ሰነድ ከሌለ ሰነድ የሚብስበት ጊዜም አለ። ኤግዚም በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው 4.94 እትም ከውጭ የመጣን ያልተጣራ መረጃ፣ ለምሳሌ የተቀባይን ስም፣ በቀጥታ የፋይል መንገድ አድርጎ መጠቀምን ከለከለ። በዓመቱ ሃያ አንድ የደህንነት ቀዳዳዎች ይፋ ሲሆኑ ብዙዎች በጥድፊያ ወደ አዲሱ እትም መሸጋገር ነበረባቸው፤ ከአሮጌ ማኑዋል የተቀዱ እንዲህ ያሉ ቅንብሮችን ይዘው የተሸጋገሩት ደብዳቤ ማድረስ አቆሙ። ማስጠንቀቂያው ተጽፎ ነበር፤ እነሱ የያዙት ግን የድሮውን ነው። በ2025 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የወጣው ዶቭኮት 2.4ም (ዶቭኮት የደረሰውን ደብዳቤ ለተጠቃሚው የሚያቀርብ ፕሮግራም ነው) እንዲሁ ከ2.3 ቅንብር ጋር አይስማማም። ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር ያለ ባለሙያ ከአምስት ዓመት በፊት የታተመ ማኑዋል ይዞ ዛሬ ዶቭኮትን ሊጭን ቢነሳ ከመጀመሪያዎቹ መስመሮች ላይ ይቆማል።

ይህ የፈረንጅ ጣጣ ብቻ ነው የሚል ካለ በራሳችን ቋንቋ የሆነውን ያስታውስ። ደብዳቤ በሰርቨሮች መካከል የሚተላለፍበት የ1982 እ.ኤ.አ. ደንብ የሚያውቀው የእንግሊዝኛ ፊደላትንና ምልክቶችን ብቻ ነበር። የግእዝ ፊደል በዩኒኮድ የተካተተው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። በመሃሉ በአሜሪካና በአውሮፓ ያሉ ኢትዮጵያውያን በኢሜይል አማርኛ መጻፍ ፈለጉ፤ እያንዳንዱም በመሰለው መንገድ በላቲን ፊደል ይጽፍ ነበር። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ሴራ በሚል ምሕጻር የሚታወቀውን ሥርዓት አዘጋጁ፤ ስሙ በአማርኛ ደስ የማይል ነገር ቢያስታውስም ሥራው ቀና ነበር። የትኛው የላቲን ፊደል የትኛውን የግእዝ ፊደል እንደሚወክል ወሰኑ፤ ለተ ትንሿ ቲ፣ ለጠ ትልቋ ቲ። ዋናው ነገር ሐሳቡ አይደለም፤ ተመሳሳይ ሐሳብ ብዙ ሰው ነበረው። ዋናው ነገር ሠንጠረዡን ጽፈው፣ ሲታረም እያደሱ፣ ማንም ፕሮግራም ሠሪ ሳይጠይቃቸው ሊጠቀምበት በሚችል መልክ ማስቀመጣቸው ነው። ኢማክስ የተባለው የጽሑፍ ማዘጋጃ በዚያ ሰነድ ተመርቶ የደረሰን ኢሜይል ወደ ፊደል የሚመልስ ትእዛዝ አካቷል፤ ሊነክስ ላይ ዛሬም በዚሁ ስም የተመዘገበ የአማርኛ አጻጻፍ አለ። ፊደላችንን የማያሳልፍ የደብዳቤ መንገድ ላይ አማርኛን ያሻገረው በደንብ የተጠበቀ ማጣቀሻ ነው።

የውጭው ማኑዋል ፈጽሞ የማይነግረን ነገር ደግሞ አለ። በፖስትፊክስ ያልደረሰ ደብዳቤ በተራ የሚቆየው፣ ካልተለወጠ በቀር፣ አምስት ቀን ነው፤ ከዚያ ለላኪው ይመለሳል። ዓለም አቀፉ ደንብም ከአራት እስከ አምስት ቀን ያህል መሞከርን ይመክራል። ይህ ቁጥር የተቆረጠው ኔትወርክ ቢጠፋ በቀናት ውስጥ ይመለሳል ተብሎ ነው። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. መገባደጃ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር እናውቃለን። እንዲህ ያለ ነገር መደበኛውን መስመር ቢነካ ሰርቨሩ ክልሉ ውስጥ ያለ መሥሪያ ቤት ከውጭ የተላከለት ደብዳቤ ሁሉ በሳምንቱ ወደ ላኪው ይመለስበታል፤ መፍትሔው ከክልሉ ውጭ ተቀብሎ የሚያቆይ ሁለተኛ ሰርቨር ማስመዝገብና በእሱ ላይ የቆይታውን ጊዜ ማርዘም ነው። ሌላም አለ፤ የአይፒ አድራሻው ወደ መሥሪያ ቤቱ ስም መልሶ እንዲያመለክት ለአገልግሎት ሰጪው ማመልከት ያስፈልጋል፤ ካልተደረገ ብዙ ተቀባዮች ደብዳቤውን አይቀበሉም። ማመልከቻው ለማን ይጻፋል፣ ማን ይፈርማል፣ ምን ይያያዛል? ከአገልግሎት ሰጪው ጋር የተገባው ስምምነት ዘመን መቼ ያልቃል? እነዚህን ፖስትፊክስን የሠሩት ሰዎች አያውቁም። ካላወቅናቸው ደግሞ የዓለም ማኑዋል ሁሉ ቢሰበሰብ ሰርቨሩ አይሠራም።

አራት ተቃውሞዎችን እገምታለሁ። የመጀመሪያው ለምን እንደክማለን፣ ጎግል አለ የሚል ነው። ግማሹ ትክክል ነው። ደጀን ወረዳ የራሷን ሰርቨር ትትከል አልልም፤ እንዲያውም ለአንድ ወረዳ ብቻ ሰርቨር መትከል ብክነት ነው፣ ሥራው የክልል ወይም የፌዴራል ነው። ነፃው ጂሜይል ግን የመሥሪያ ቤት ሳይሆን የግለሰብ ነው፤ ኃላፊው ሲዛወር አድራሻውም የዓመታት ደብዳቤውም አብረውት ሊሄዱ ይችላሉ። ተከፍሎበት በመሥሪያ ቤቱ ስም ቢገዛም ሰነዱ አይቀርም። ከ2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጎግል በብዛት የሚልኩ ሁሉ በዶሜይን ስማቸው መዝገብ ላይ ኤስፒኤፍ፣ ዲኪምና ዲማርክ የተባሉትን ሦስት ማረጋገጫዎች እንዲያስቀምጡ ያስገድዳል። ማን እንዳስቀመጣቸውና የመዝገቡ ቁልፍ በማን እጅ እንዳለ ካልተጻፈ የተከፈለው ገንዘብ ደብዳቤውን አያደርስም።

ሁለተኛው የደህንነት ሥጋት ነው፤ ቅንብሩን መጻፍ ለአጥቂ ካርታ መስጠት ነው ይባላል። ይለፍ ቃልና ቁልፍ ሰነድ ውስጥ አይገቡም፤ ሰነዱም ለተፈቀደላቸው ብቻ ይቀመጣል። ከዚህ አልፎ አለመጻፍን መከላከያ ያደረገ መሥሪያ ቤት የደበቀው ከራሱ ነው፤ አጥቂው ክፍቱን በር ለማግኘት ማኑዋል አይጠይቅም፣ በየደቂቃው የሚያንኳኳ ፕሮግራም አለው። ሦስተኛው ባለሙያው እንግሊዝኛ ያነባል፣ አማርኛው ለምን ይሆናል የሚል ነው። የፕሮግራሙን ማኑዋል በሙሉ እንተርጉም የሚል ሰው ካለ እኔም እቃወመዋለሁ፤ ትርጉሙ ሳያልቅ አዲስ እትም ይወጣል። የመሥሪያ ቤቱ የራሱ ማጣቀሻ ግን በሥራ ቋንቋው መሆን አለበት፣ ምክንያቱም የሚያነበው ባለሙያው ብቻ አይደለም። ማመልከቻውን የሚፈርመው ኃላፊ፣ ክፍያውን የሚያጸድቀው ፋይናንስ፣ ርክክቡን የሚያየው ኦዲተር ያነበዋል። የትእዛዞቹ ስም እንዳለ ይቀመጥ፤ ምክንያቱ በአማርኛ ይጻፍ። አራተኛውና አዲሱ ተቃውሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሁሉን ይመልሳል የሚል ነው። ይመልሳል፤ ብዙ ጊዜም ይረዳል። ነገር ግን የተማረው ለዓመታት ከተከማቸ ጽሑፍ ስለሆነ የዶቭኮት 2.3ን መስመር ለ2.4 በልበ ሙሉነት ሊሰጥ ይችላል፤ ባለፈው ሰኔ ማን ምን እንደለወጠ ደግሞ ካልተጻፈ ከየትም አያመጣውም።

መጻፍ ባህላችን አይደለም የሚለውን እንደ ተቃውሞ አልቆጥረውም። በጎጃም አድባራትና ገዳማት የወንጌል ብራናዎች ባዶ ገጾችና ኅዳጎች ላይ የጉልት ስጦታ፣ የመሬት ሽያጭና ውርስ ከነምስክሮቹ ስም ተመዝግቦ ይገኛል። የታሪክ ተመራማሪዎች የአካባቢውን የመሬት ሥርዓት የሚያጠኑት ከእነዚህ ነው። ሰጪው፣ ተቀባዩ፣ በማን ዘመን፣ በማን ፊት፤ መዝገቡም በቀላሉ በማይጠፋው መጽሐፍ ላይ።

የቀረው የማን ሥራ ነው የሚለው ነው። ሁሉም ይጻፍ ከተባለ ማንም አይጽፍም። የክልል ቢሮዎችና ዩኒቨርሲቲዎች በአይሲቲ ባለሙያ የሥራ መዘርዝር ውስጥ የሰነድ ጥበቃን በስሙ ጠርተው ያስገቡት፤ በዓመታዊ ምዘናውም ነጥብ ይኑረው። የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ተማሪዎች የመመረቂያ ሥራ አድርገው አንዱን ማጣቀሻ ከአዲስ እትም ጋር ቢያስታርቁ፣ ከሚከማቹት ብዙ የመመረቂያ ወረቀቶች በላይ ይጠቅማል። ቅንብር የለወጠ ሰው በዚያው ቀን ቀኑን፣ ምክንያቱንና ማፍረሻውን ካልጻፈ ለውጡ ይመለስ፤ ጥብቅ ሊመስል ይችላል፣ ግን ከዚህ በታች ያለ ደንብ በጥድፊያ ቀን ይዘለላል። ባለሙያ ሲዛወር ደግሞ አሁን ርክክብ የሚባለው ላፕቶፕ፣ ቁልፍና ወንበር ቆጥሮ መፈራረም ነው። ከክሊራንሱ በፊት ተረካቢው ሰነዱን ብቻ ይዞ፣ አስረካቢውን ምንም ሳይጠይቅ፣ ሰርቨሩን በባዶ ማሽን ላይ መልሶ ይትከል፤ አንድ ደብዳቤ ወደ ውጭ ይላክ፣ አንድ ይቀበል። ይህ ካልሆነ አስረካቢው ጠረጴዛው ላይ ተመልሶ የጎደለውን ይጻፍ።