ማሊያውን እንቀበል፣ ስሙንስ?

የቀድሞው የአርሰናልና የባርሴሎና አማካይ አሌክስ ሶንግ በኅዳር 2013 ዓ.ም. ለጅቡቲው አርታ ሶላር 7 ሲፈርም ወሬውን የሰማሁት ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 6 ሰፈር ሻይ ቤት ተቀምጬ ነው። አጠገቤ ጫቱን ይዞ የተቀመጠው ሰውዬ «ተው እባክህ ዋላል (ወንድሜ)፣ የፌስቡክ ወሬ ነው» አለኝ። ወሬው እውነት ሆነ፤ ክለቡም የ2013ንና የ2014ን የሊግ ዋንጫ ወሰደ። ከዚያ ወዲህ ሻይ ቤቱ ውስጥ አንድ ክርክር አልበርድ ብሏል፦ ኪሱ ባዶ የሆነ ቡድን ከባለጸጋው ጋር ይፎካከራል ወይ?

ለአንድ ጨዋታማ ይፎካከራል፤ ለአንድ ዓመትም ቢሆን አልፎ አልፎ ይሆናል። ጣጣው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

በመስከረም 2016 ዓ.ም. በአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ካፕ ማጣሪያ ይኸው አርታ ሶላር የግብጹን ዛማሌክ በመጀመሪያው ጨዋታ 2 ለ 0 ረታው። በመልሱ 4 ለ 1 ተሸንፎ ከውድድሩ ወጣ። ዛማሌክ ግንቦት ላይ ያንኑ ዋንጫ አነሳ። እዚህ ሰፈር «ሀብታሙ» እየተባለ የሚታማው ክለብ ዛማሌክ ፊት ሲቆም ድሃው ራሱ ነበር። ድሃና ሀብታም የሚለየው ከማን ጋር እንደተጋጠሙ ታይቶ ነው፤ ይህን ደጋፊዎቹ ሁሌ ይዘነጉታል።

የእኛን አገር፣ የኢትዮጵያን፣ ጅማ አባ ጅፋርን አስታውሱ። ፕሪሚየር ሊጉን በተቀላቀለበት በ2010 ዓ.ም. ቅዱስ ጊዮርጊስን ቀድሞ ሻምፒዮን ሆነ። ከአራት ዓመት በኋላ ወረደ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ወደ ሊጉ በተመለሰበት ዓመት ዋንጫውን ወሰደ፤ እሱ ግን ከጀርባው ባንክ አለው፣ ያውም የአገሪቱ ትልቁ። የከተማ ክለቦቻችን የሚያድሩት በአስተዳደሩ በጀት ነው። ኃላፊው ከተነሳ ወይም በጀቱ ከተቆረጠ ተጫዋቹ ደመወዙን ፍለጋ ፌዴሬሽን ደጅ ይጠናል። ተቀናቃኙ ሀብታም ስለሆነ የወደቀ ክለብ ብዙ አላየሁም። የሰው እጅ እያየ ኖሮ እጁ ሲታጠፍበት የወደቀ ግን ሞልቷል።

ፌዴሬሽኑ በ2011 ዓ.ም. የተጫዋች ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ጣሪያ አበጅቶ ነበር። ሐሳቡን አልጠላሁትም፤ ግን የሒሳብ ደብተር የማያሳይ ክለብ ላይ ጣሪያ ብትሠራበት ትርፉ በጓሮ መክፈልን ማስተማር ነው።

አሜሪካኖች በቤዝቦል ይህንኑ የድሃና የሀብታም ቡድን ነገር ሲከራከሩ ኖረዋል። የኦክላንዱ አትሌቲክስ እ.ኤ.አ. በ2002 ዓ.ም. 40 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ደመወዝ እየከፈለ 103 ጨዋታ አሸነፈ፤ የኒውዮርኩ ያንኪስ ከሦስት እጥፍ በላይ እየከፈለ ያሸነፈው ያንኑ 103 ነው። የኦክላንድ ሰዎች ገበያው የናቃቸውን ተጫዋቾች በስሌት እየመረጡ በርካሽ ያስፈርሙ ነበር። ብልሃት እንዲህ ይሠራል። ነገር ግን ቡድኑ የባለቤቱ እንጂ የከተማው አልነበረምና ከእ.ኤ.አ. 2024 የውድድር ዘመን በኋላ ባለቤቱ ከኦክላንድ ይዞት ሄደ። ከብልሃቱ ለደጋፊው ምን ተረፈው?

ወደ ካርቲየ 6 ልመለስ። ሙቀቱ ሲበርድ፣ አመሻሽ ላይ፣ ከጀርባችን ባለው ጠባብ መንገድ ድንጋይ ጎል አድርገው የሚጫወቱ ልጆች አሉ፤ ሶማሌው፣ አፋሩ፣ የእኛው ልጅ፣ ሁሉም። ቡድናቸው ደብተር አለው። ደብተሩን የሚይዘው የጥግ ባለሱቅ ነው፦ ዓርብ ዓርብ የከፈለው ስም ፊት ምልክት ያደርጋል፣ ያልከፈለውን «ነገ» ብሎ ያልፈዋል። ኳስ ሲቀደድ የሚገዛው ከዚያ ነው። ስለ ሶንግ ዝውውር የሚጮኹት አባቶቻቸው ይህን ደብተር ከፍተው አይተውት አያውቁም።

አሁን አንድ ነጋዴ ሙሉ ማሊያና ጫማ ልግዛላችሁ ብሏል። በምላሹ ቡድኑ በድርጅቱ ስም እንዲጠራ ይፈልጋል። እዚህ አገር የተለመደ ነው፤ አርታ ሶላር 7፣ አሊ ሳቢህ ጅቡቲ ቴሌኮም እያሉ ስፖንሰሩን ከክለቡ ስም ጎን ይለጥፋሉ። ልጆቹ ሁለት ቦታ ተከፍለዋል፤ ትልልቆቹን ጫማው አማልሏቸዋል። ለእኔ፣ ስሙ ማሊያው ደረት ላይ ቢጻፍ ነውር የለውም። ደብተሩ ግን ከባለሱቁ እጅ መውጣት የለበትም፤ ነጋዴውም ዓርብ ዓርብ እንደማንም ይክፈል፣ ስሙ ፊት ምልክት ይደረግለት።