ጋሼ፣ ኮምፕሬሰሩን ይቀይሩታ!

ዳላስ የሚኖሩት አጎቴ እ.ኤ.አ. የ1968 ሼቭሮሌ ኢምፓላ አላቸው። ያጥቡታል፣ ይወለውሉታል፤ በጋ ሲመጣ ግን አይነዱትም። ኤሲው ሞቷላ! የቴክሳስ ሙቀት ደግሞ ቀልድ አያውቅም። «ጋሼ፣ ኮምፕሬሰሩን ይቀይሩታ» ስላቸው፣ «አብሮት የተወለደውን ልብ አውጥቼ የሌላ ላስገባበት?» ይሉኛል።

እኔ የምለው፣ ልብ ነው እንዴ? ያ የጄኔራል ሞተርስ ኤ-6 ከ30 ፓውንድ በላይ የሚመዝን፣ በዘንጉ በኩል ጋዝ በማፍሰስ የታወቀ ብረት ነው። የጃፓኖቹ ሳንደን ክብደቱ ግማሽ ያህል ነው፤ ለዚሁ ሞተር የተሰናዳ ማሰሪያ ይሸጣል፣ ምንም ሳይበሳ ይገጠማል። የድሮው ጋዝ አር-12 እንደሆነ ኦዞንን ስለሚጎዳ አሜሪካ ከ1996 ጀምሮ ማምረቱን ትታለች። ወደ አር-134ኤ ሲኬድ ታዲያ ዘይቱም፣ ጎማዎቹም፣ ማድረቂያውም አብረው ይቀየሩ፤ ኮንደንሰሩም ቢሻሻል ይመረጣል። ኮምፕሬሰር ብቻ ቀይሮ «አልቀዘቀዘም» ብሎ መካኒክ መውቀስ ነውር ነው።

አሮጌው አፉ ተደፍኖ ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ። ኢምፓላው ለውድድር የሚቀርብ ቀን ይመለሳል። እስከዚያ ባለቤታቸው ይሳፈሩበት። መኪናው ሲገዛ የእቁብ ዕጣቸውን የሰጡት እሳቸው ናቸው፤ ከሚያዝያ ወዲህ አንድ ቀን አልገቡበትም።