ፍሬን አይበጠስም፤ ያፈሳል

የአደጋ ዜናችን አንዲት ያረጀች ዐረፍተ ነገር አለችው፦ «መኪናው ፍሬን በጥሶ…»። ልብ ብላችሁ ስሟት። የዐረፍተ ነገሯ ባለቤት መኪናው ነው፤ የመኪናው ባለቤት ግን የትም የለም። ሾፌሩም፣ መካኒኩም የሉበትም። ፍሬን እንደ ወይፈን በድንገት ገመዱን በጥሶ የጠፋ ይመስላል።

ፍሬን በገመድ ይጎተት በነበረበት ዘመን «በጠሰ» ማለት ያስኬድ ነበር። ዛሬ በየመንገዱ የምናያቸው የቤት መኪኖች ግን፣ አሮጌዋን ቮልስ ጨምሮ፣ የሚቆሙት በዘይት ግፊት ነው። ዘይት ደግሞ አይበጠስም። ያፈሳል። ብዙ ጊዜም ቀስ ብሎ፣ ለሳምንታት፣ እያስጠነቀቀ።

ይህን የምጽፈው ቮልስ ለሚወደው ለኛው ትውልድ ነው። ፍቅሩ ይገባኛል። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስ ነው፤ የአገር ታሪክ ተጭኖባታል። ኪስም ያስወድዳታል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ ሕግ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ግብር ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ አሮጌዎቹ ገና ብዙ ዓመት አብረውን ይኖራሉ። ይኑሩ! ጠቤ ከአሮጌነታቸው ጋር አይደለም። ጠቤ ቮልሱን አዲስ ቀለም ቀብቶ፣ ቸርኬ ቀይሮ፣ ወንበሯን ቆዳ አልብሶ፣ ሙዚቃዋን ከመገናኛ እስከ ሾላ አሰምቶ፣ ከኋላ ጎማዋ ዘይት ስትንጠባጠብ ግን «ሙላበትና እንሂድ» ከሚለው ባለቤቷ ጋር ነው።

ምን ማለት ነው «ሙላበት»? የፍሬን ዘይት እንደ ቤንዚን እየተቃጠለ አያልቅም። በየሳምንቱ ከጎደለ የሆነ ቦታ እየወጣ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1967 በፊት በተሠሩት ቮልሶች ደግሞ አራቱም ጎማዎች አንድ የዘይት መሥመር ይጋራሉ። ሁለት መሥመር ያላት መኪና አንዱ ቢከዳት ሌላው በመጠኑም ቢሆን ይይዝላታል። በአንድ መሥመር ግን አንዲት የሲሊንደር ላስቲክ ስትለቅ አራቱም ጎማ ያለ ፍሬን ይቀራል።

የሚደረደሩትን ምክንያቶች እንያቸው።

«መለዋወጫ የለም።» ቮልስ ከ21 ሚሊዮን በላይ የተሠራች መኪና ናት፤ ምርቷ የቆመው እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ነው። የፍሬን ሲሊንደሯና ማስተሯ ዛሬም በዓለም ገበያ አለ። ለቸርኬ ሱማሌ ተራን ቀኑን ሙሉ የዞረ ሰው ለሲሊንደር ሲሆን «የለም» ካለ፣ የጠፋው ዕቃው አይደለም።

«ለጊዜው ሌላ ዘይት ጨምርበት።» የሞተር ዘይት የፍሬኑን ላስቲኮች ያሳብጣል። አንድ ቦታ ታፈስ የነበረች መኪና ሁሉም ቦታ ታፈሳለች። ውኃስ? አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ውኃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። አዲስ ዶት 3 የፍሬን ዘይት ግን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ይችላል። ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ ስትወርዱ ፍሬኑ ይግላል፣ ውኃው እንፋሎት ይሆናል፣ እንፋሎት ይጨመቃል፣ ፔዳሉም ወለል ይነካል።

«የሚያፈሰውን ቱቦ ድፈነው፣ ሦስቱ ይያዙ።» አንድ ጎን የሚይዝ፣ ሌላው ጎን የማይዝ መኪና ሲቆም ወደ ጎን ይጎትታል። ጎን ላይ ያለው ደግሞ ሰው ነው።

«ቦሎ አለኝ።» ቦሎ የተመረመረበትን ቀን ይመሰክራል። ላስቲክ በማግስቱ ሊለቅ ይችላል።

አንድ የማከብረው ምክንያት አለ፦ መኪናውን አንድ ቀን ካቆመ ልጆቹ የማይበሉ የላዳ ሾፌር። እሱን ለመውቀስ አፌ አይደፍርም፤ ችግሩን ግን እግረኛው በአጥንቱ ሊከፍልለት አይገባም። እሑድ ለሽርሽር ቮልስ የሚያወጣው ወዳጄ ግን በዚህ ሾፌር ጀርባ መደበቅ አይችልም።

ሥራው ራሱ አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ ቀን አያልፍም። ጎማው ይወልቃል፣ ታምቡሩ ይከፈታል፤ ሲሊንደሩ ጫፍ ላይ እርጥበት ካለ ሌባው ተያዘ። ሲሊንደሩ በግራም በቀኝም ይቀየራል። ዘይት የጠጣ የፍሬን ሸራ በቤንዚን ታጥቦ አይድንም፤ ይጣላል። ጎማዎቹ ሁሉ ደረቅ ከሆኑ ቱቦዎቹና ፔዳሉ አጠገብ ያለው ማስተር ይታያሉ። በመጨረሻ አየሩ ይወጣል፦ ከማስተሩ ከሚርቀው ከቀኝ የኋላ ጎማ ተጀምሮ በግራ የፊት ጎማ ያበቃል። አንዱ ፔዳል ይረግጣል፣ ሌላው ብሎኗን ይከፍታል፤ ብሎኗ ሳትዘጋ እግር አይነሳም። ፔዳሉ ጠንክሮ ካልቆመ ሥራው አላለቀም። መካኒካችሁ ይህን ሲሠራ አጠገቡ ቁሙ።

ለመሆኑ የምን ጥድፊያ ነው የምትሉ፣ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መገናኛ ቁሙ። ከባቡር የወረደው፣ ለኮተቤና ለሲኤምሲ ታክሲ የተሰለፈው፣ ልጇን አዝላ የምትሻገረው፣ ሁሉም ከመኪና አፍንጫ ክንድ በማይሞላ ርቀት ያልፋል። በዚህች ከተማ በመኪና አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። የናንተ ቮልስ መቆም አለመቆሟን የሚያረጋግጡበት መንገድ የላቸውም። አምነዋችሁ ነው የሚሻገሩት።

አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ነው። ቀለሙ ይቆይ፣ ቸርኬውም ይቆይ፤ መጀመሪያ ትቁም። ዜና የምትጽፉም «ፍሬን በጥሶ» የምትለዋን ሐረግ ጡረታ አውጧትና ከአደጋው በኋላ አንዲት ጥያቄ ጠይቁ፦ ዘይቱ ይጎድል የነበረው ከመቼ ጀምሮ ነው? ያኔ ዐረፍተ ነገሩም እውነተኛ ባለቤቱን ያገኛል።