የገንዘብ ባለቤትና የሐሳብ ባለቤት

ገንዘብ ያለው ሰው ሁሉ ሐሳብ የለውም፤ ሐሳብ ያለውም ሰው ሁሉ ገንዘብ የለውም። ሁለቱ ተለያይተው ሲቀመጡ የአንደኛው ሀብት በሣጥን ውስጥ፥ የሁለተኛውም ዕውቀት በልቡ ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል። የሚያገናኛቸው መንገድ የተገኘ እንደ ሆነ ግን፥ ከመገናኘታቸው የሚወለደው ሥራ ከሁለቱ አልፎ ለአገር ይተርፋል። በዚህ ዘመን ቬንቸር ካፒታል እየተባለ የሚጠራው አሠራር ዋና ጥቅሙ ይኸው ነው።

ነገሩ በስሙ እንግዳ ይምሰል እንጂ በባሕርዩ ለኢትዮጵያ ገበሬ እንግዳ አይደለም። የእኩል አራሽ፥ መሬት ካለው ሰው ጋራ ተስማምቶ ያርሳል፤ እህሉ በገባ ጊዜ ይካፈላሉ፤ በረዶ ቢመታው ግን ጉዳቱ የሁለቱም ነው። አራጣ አበዳሪ እንዲህ አይደለም፤ አዝመራው ቢያምርም ባያምርም ቀኑ ሲደርስ ገንዘቡን ከነወለዱ ይጠይቃል። ባንክም የሰው አደራ ጠባቂ ነውና፥ ከማበደሩ በፊት ቤት ወይም ሌላ ንብረት በመያዣነት ይሻል፤ በዚህም አይነቀፍም። ነገር ግን ከትምህርት ቤት የወጣ ወጣት ንብረቱ ሐሳቡ ብቻ ስለ ሆነ፥ በባንክ ደጅ ቢቆም የሚያስይዘው ነገር የለውም። ቬንቸር ካፒታል የተባለው ማኅበር ለእንዲህ ያለው ሰው የሚሰጠው ብድር ሳይሆን ሽርክና ነው፤ በገንዘቡ ፈንታ የኩባንያውን አክሲዮን ይወስዳል፤ ሥራው ቢለማ ይካፈላል፥ ቢጠፋም አብሮ ይከስራል።

የዚህ አሠራር ፍሬ ምን እንደ ሆነ ለመረዳት በአሜሪካ አገር የሆነውን መመልከት ይበቃል። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1946 ዓመት አሜሪካን ሪሰርች ኤንድ ዴቨሎፕመንት የሚባል ማኅበር በቦስተን ከተማ ተቋቋመ። በመሪነቱ የታወቁት በፓሪስ የተወለዱትና በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የንግድ ትምህርት ያስተምሩ የነበሩት ጄኔራል ዦርዥ ዶሪዮ ናቸው። በ1957 ዓመት ኬን ኦልሰንና ሃርላን አንደርሰን የተባሉ ሁለት መሐንዲሶች ወደዚህ ማኅበር ቀርበው የኮምፒዩተር ሥራ ለማቋቋም ገንዘብ ጠየቁ። በዚያን ጊዜ ኮምፒዩተር ትርፍ አያስገኝም ተብሎ ይታሰብ ስለ ነበረ፥ ቃሉን ከማመልከቻቸው እንዲያወጡት ተመከሩ። ማኅበሩም 70,000 ዶላር ሰጥቶ ከኩባንያው አክሲዮን ከመቶ 70 እጁን ወሰደ። ሁለቱ ሰዎች በሜይናርድ ከተማ በአንድ አሮጌ የሱፍ ፋብሪካ ውስጥ ጥቂት ክፍል ተከራይተው፥ በመጀመሪያ ለቤተ ሙከራ የሚያገለግሉ የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎችን እየሠሩ ሸጡ፤ ከዚያም ወዳሰቡት ኮምፒዩተር ደረሱ። ዲጂታል ኢኩዊፕመንት የተባለው ይህ ኩባንያ በ1966 ዓመት አክሲዮኑን ለሕዝብ ሸጠ፤ የቦስተኑ ማኅበር በ1972 ዓመት ከሌላ ኩባንያ ጋራ ሲዋሐድ፥ ያ 70,000 ዶላር ከ350 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሆኖ ተገኘ።

ይህን የሚሰማ ሰው ትርፉን ብቻ አይቶ እንዳይሳሳት ያስፈልጋል። ከ1957 እስከ 1972 ዓመት 15 ዓመት ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን የገንዘቡ ባለቤት ዘሩ በቀለ ወይስ አልበቀለም እያለ በየቀኑ አፈሩን አልቈፈረም። ደግሞም እንዲህ ያለ ማኅበር ገንዘቡን ለብዙ ኩባንያዎች ሲያከፋፍል ከእነርሱ ብዙዎቹ እንደሚወድቁ አስቀድሞ ያውቃል፤ የጥቂቶቹ ትርፍ የብዙዎቹን ኪሣራ ይሸፍናል። ስለዚህ ሥራውን በቅንነት ሞክሮ የወደቀውን ሰው እንደ ወንጀለኛ አይቈጥረውም።

ይሁን እንጂ መታገሥ ማለት ዐይንን መጨፈን ማለት አይደለም። በ2003 ዓመት በካሊፎርኒያ የተቋቋመው ቴራኖስ የተባለው ኩባንያ፥ ከጣት በሚወሰድ ጥቂት ጠብታ ደም ብዙ ዐይነት ምርመራ እሠራለሁ ብሎ ከባለሀብቶች ከ700 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰበሰበ። መሣሪያው ግን የተባለለትን ሥራ አይሠራም ነበር። ገንዘብ ከሰጡት መካከል ስመ ጥር ሰዎች ነበሩበት፤ አንዱ የሌላውን ስም አይቶ ሰጠ እንጂ መሣሪያውን በሚገባ አስመርምሮ አልሰጠም። ኩባንያው በ2018 ዓመት ፈረሰ፤ መሥራቿም በ2022 ዓመት በማታለል ወንጀል ተፈርዶባት ከ11 ዓመት በላይ እስራት ተወሰነባት። እንግዲህ ትዕግሥት የሌለው ገንዘብ አራጣ ይሆናል፤ ምርመራ የሌለው ገንዘብ ደግሞ ቁማር ይሆናል።

በኢትዮጵያም የሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያ በጥር ወር 2017 ዓ.ም. ተመርቆ ተከፍቷል። አክሲዮን የሚሸጥበት ገበያ መኖሩ ለዚህ ሥራ ትልቅ ነገር ነው፤ መግቢያ እንጂ መውጫ በሌለው ቤት ውስጥ ገንዘቡን የሚያኖር ሰው አይገኝምና። ነገር ግን ገበያ ብቻውን አይበቃም። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንደሚባለው፥ አንድ ጊዜ የከሰረ ወጣት ዕድሜውን ሙሉ ከሳሪ እየተባለ የሚኖር ከሆነ፥ ጓደኞቹ ከእርሱ የሚማሩት አለመሞከርን ነው።

ስለዚህ ባለሀብቱ ከመስጠቱ በፊት ሰውየውንና ሥራውን ጠንቅቆ ይመርምር፤ ከሰጠ በኋላ ግን ይታገሥ። ወጣቱም የተቀበለው ገንዘብ የሌላ ሰው ድካም መሆኑን አውቆ ሒሳቡን በንጽሕና ይያዝ፤ ያልሠራውንም ሠርቻለሁ አይበል። የቀረውም ሕዝብ አታላዩንና በቅንነት የከሰረውን ለይቶ ይወቅ፤ አታላዩን ለዳኛ፥ የከሰረውን ግን ለሁለተኛ ሙከራ መተው ይገባል። አንዱ ዓመት በረዶ መታው ተብሎ በሚመጣው ክረምት እርሻውን የሚተው ገበሬ የለምና።