የዋጋ ጥያቄ፣ የመትረየስ መልስ

ስለ «ኢሙ ጦርነት» ሲወራ ሰው ሁሉ ይስቃል። አንድ ዘመናዊ ጦር መትረየስ ይዞ ዘመተ፣ በወፍ ተሸንፎ ተመለሰ፤ ታሪኩ በየዩቲዩቡ የሚነገረው እንዲህ ተደርጎ ነው። እኔ ግን ባነበብኩት ቁጥር የሚያሳዝኑኝ ገበሬዎቹ ናቸው። በ1932 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በምዕራብ አውስትራሊያ፣ ካምፒዮን በተባለ አካባቢ ስንዴ የዘሩ ሰዎች የሚያስቅ ነገር አልገጠማቸውም።

ብዙዎቹ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱ ወታደሮች ነበሩ። መንግሥት ለውለታቸው መሬት ሰጣቸው፤ መሬቱ ግን ከለማው አገር ዳር ያለ፣ ዝናቡ የማያስተማምን ነው። ደኑን መነጠሩ፣ ለከብቶቻቸው ውሃ አቆሩ፣ አረሱ። በ1929 የዓለም ኢኮኖሚ ሲናጋ ደግሞ «ስንዴ በብዛት ዝሩ፣ ድጎማ እንሰጣችኋለን» ተባሉ። ዘሩ። ድጎማው ቀረ፣ የስንዴ ዋጋም ወረደ። በ1932 መኸር ሲቃረብ ምርታችንን አናስረክብም እስከማለት ደርሰው ነበር።

ኢሙዎቹ የመጡት በዚህ ችግር ላይ ነው። ኢሙ የሰጎን ዓይነት፣ መብረር የማይችል፣ ቁመቱ ከሰው የሚስተካከል ወፍ ነው። የመራቢያው ወቅት ሲያበቃ ከደረቁ የአህጉሩ መሃል ወደ ባሕር ዳርቻው ይሰደዳል። በቀድሞ መንገዱ ሲመጣ የተመነጠረ ሜዳ፣ የቆረ ውሃና የደረሰ ስንዴ ጠበቀው። 20,000 ያህል ይሆናሉ ተባለ። የበሉትን በሉ፣ ቀሪውን ረገጡት። ጥንቸል እንዳይገባ የታጠረውን አጥር እየጣሱ ስለሚያልፉም በከፈቱት ቀዳዳ ጥንቸሉ ተከትሎ ይገባ ነበር።

የገበሬዎቹ ተወካዮች አቤት ያሉት ለመከላከያ ሚኒስትሩ፣ ለሰር ጆርጅ ፒርስ ነበር። መትረየስ ምን እንደሚሠራ በጦር ሜዳ ያዩ ሰዎች ናቸውና መትረየስ ጠየቁ። ስለ ዋጋና ስለ ድጎማ ሲጮኹ የከረሙት ሰዎች ይህኛውን ጥያቄ ሲያቀርቡ መልሱ ፈጥኖ መጣ። ስምምነቱን ልብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል፦ የጥይቱን ዋጋ ገበሬዎቹ ይከፍላሉ፤ ወታደሮቹንም ያበላሉ፣ ያሳድራሉ። ማጓጓዣውን የምዕራብ አውስትራሊያ መንግሥት ይችላል። ለጦሩ የዒላማ ልምምድ ይሆናል ተባለ። የዜና ፊልም የሚቀርጽ ሰው ሳይቀር አብሮ ዘመተ። ለስንዴው ዋጋ አንድ ነገር ማድረግ ያቃተው መንግሥት፣ አንድ ነገር ሲያደርግ ለመታየት ግን አልተቸገረም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው።

ዘመቻውን የመራው ሻለቃ ሜሪዲት ነበር። ሁለት ወታደሮች፣ ሁለት የሉዊስ መትረየሶችና 10,000 ጥይት ይዞ ተነሣ። በኖቬምበር 2 የመጀመሪያው ተኩስ ሲከፈት ኢሙዎቹ በትናንሽ ቡድን ተበታትነው ሮጡ። ከሁለት ቀን በኋላ በአንድ ግድብ አጠገብ ደፈጣ ተደረገ። ከ1,000 የሚበልጡ ወፎች እየተጠጉ መጡ፤ በቅርብ ርቀት ተኩስ ተከፈተ፤ 12 ያህል እንደወደቁ መትረየሱ ነከሰ። የቀሩት አመለጡ። ከዚያ አንዱን መትረየስ በጭነት መኪና ላይ ጠመዱት። መኪናው ወፎቹን ሊደርስባቸው አልቻለም፤ መሬቱ ስለሚያንገጫግጭም ተኳሹ ማነጣጠር አቃተው። በኖቬምበር 8 ጦሩ ተጠራ። በገበሬዎቹ ልመና እንደገና ተመልሶ እስከ ዲሴምበር 10 ቆየ። ሻለቃው በመጨረሻ ባቀረበው ሪፖርት 9,860 ጥይት ተተኩሶ 986 ኢሙ ተገደለ ይላል። ለአንድ ወፍ ልክ አሥር ጥይት፤ እንዲህ ያለ የተስተካከለ ቁጥር ከጦር ሜዳ ሲመጣ ለማመን እቸገራለሁ። እውነት ነው ብንል እንኳ ከ20,000ው መካከል ከሃያ አንዱ አልሞተም ማለት ነው።

በኋላ የተሻለ የሠራው ብዙም ወሬ ያልተነገረለት ነገር ነው። ገበሬው ራሱ በጠመንጃው እየተኮሰ ለገደለው ሽልማት ይከፈለው ነበር፤ በ1934 በስድስት ወር ውስጥ ብቻ ለ57,034 ኢሙ ተከፈለ። ከዚያም አጥሩ እየተጠናከረ ሄደ። ገበሬዎቹ በ1934፣ በ1943 እና በ1948 የጦር እርዳታ ደጋግመው ቢጠይቁም አልተፈቀደላቸውም።

በወፍ ላይ ከተደረጉ ዘመቻዎች የቻይናው ታሪክ ከዚህ እጅግ ይከፋል። በ1958 ማኦ ዜዱንግ አይጥን፣ ዝንብን፣ ትንኝንና ድንቢጥን ለማጥፋት አገር አዘመቱ። ድንቢጥ እህል ትበላለች፤ ስለዚህ ሕዝቡ ድስትና ከበሮ እየደበደበ፣ ወፎቹ የሚያርፉበት አጥተው ከሰማይ ደክመው እስኪወድቁ ድረስ አሳደዳቸው። ጎጆዎች ፈረሱ፣ እንቁላሎች ተሰበሩ። የወፍ ተመራማሪው ዠንግ ዙዎሺንና ባልደረቦቹ የድንቢጦችን ሆድ ከፍተው ሲመረምሩ እህል ብቻ አላገኙም፤ በተለይ ጫጩት በሚያሳድጉበት ወቅት ሰብል የሚያጠፉ ነፍሳትን በብዛት ይበላሉ። በ1960 ድንቢጧ ከዝርዝሩ ወጥታ በምትኳ ትኋን ገባ። በዚያን ጊዜ አገሪቱ ሚሊዮኖችን የፈጀው ረኃብ ውስጥ ነበረች። የረኃቡ ዋና ምክንያት ሌላ፣ የመንግሥቱ የእርሻና የእህል ፖሊሲ ነው፤ የድንቢጧ መጥፋት ግን ለተባዩ በር ከፍቶ ችግሩን አባሰው።

ይህን ሁሉ የማነሣው የእኛ ማሽላ አምራች በየዓመቱ ከግሪሳ ወፍ ጋር ስለሚታገል ነው። በቆላው አገር እሸቱ ወተት መያዝ ሲጀምር ቤተሰቡ በሙሉ ማሳ ውስጥ ይውላል። ልጆች ማማ ላይ ወጥተው ከንጋት እስከ ማታ ወንጭፍ ይወነጭፋሉ፣ ይጮኻሉ፤ ከትምህርት ቤት የሚቀሩበት ወቅት ነው። አንድ ግሪሳ በቀን 10 ግራም ያህል እህል ይበላል። የአንድ ሚሊዮን ወፍ መንጋ በቀን 100 ኩንታል ጨረሰ ማለት ነው። በወንጭፍ የሚቻል ጠላት አይደለም።

ስለዚህ አውሮፕላን ይመጣል። ወፎቹ በግራርና በፊላ ላይ ሲያድሩ ጠብቆ መድኃኒት ይረጫል። አይምጣ አልልም፤ ሰብሉ ሊያልቅበት ለተቃረበ ገበሬ ዛሬ ሌላ ተስፋ የለም። ሆኖም የምናውቀውን አንርሳ። በአፍሪካ ግሪሳን በእሳት መትፊያም በፈንጂም ለማጥፋት ተሞክሯል፤ በየዓመቱ በብዙ ሚሊዮን ይገደላል፤ ምቹ ዝናብ ባገኘ ዓመት ደጋግሞ እየፈለፈለ ቁጥሩን ይተካል። መድኃኒቱ ደግሞ የተመረዘውን ወፍ የሚበሉትን ጭልፊትና ንስር አብሮ ይገድላል። ከርጭቱ በኋላ በዜና የምንሰማው የተረጨውን ሄክታርና የሞተውን ወፍ ግምት ነው። ማሳው ቀድሞ የተበላበት ሰው ስንት ኩንታል እንዳጣና ክረምቱን በምን እንደሚዘልቅ ሲነገር ግን አልሰማሁም።

ገበሬው ብቻውን የተሸከመውን ኪሣራ መጋራት የሚቻልበት መንገድ በአገራችን ጨርሶ የማይታወቅ አይደለም። በ2009 በትግራይ፣ አዲ ሃ በተባለ መንደር የተጀመረው የሰብል መድን ዝናቡ ከተወሰነ መጠን ሲያንስ ለገበሬው ይከፍል ነበር። ክፍያው የሚሰላው በዝናብ ስለነበረ ወፍ የበላው ማሽላ እዚያ ውስጥ አልገባም። እንዲህ ባለ መድን ውስጥ ይግባ ነው የምለው። አውሮፕላን በተደጋጋሚ በሚሄድባቸው ወረዳዎች መጀመር ይቻላል፤ ወፉ የት እንዳደረና መቼ እንደተረጨ አስቀድሞ ተጽፏል። የቀበሌው የግብርና ባለሙያ በዚያው ሳምንት ማሳ ለማሳ ዞሮ የተበላውን ይመዝግብ። ገበሬው ያን ወረቀት ይዞ የማዳበሪያ ዕዳው እንዲራዘምለት፣ ለሚቀጥለውም ዓመት ዘር እንዲሰጠው የመጠየቅ መብት ይኑረው።