ቦንቦሊኖ ለወርኃ ጽጌ

ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ቀን ያለው ጾመ ጽጌ የፈቃድ ጾም ስለ ሆነ፥ ሕፃንን ጹም ብሎ የሚያስገድድ ሕግ የለም። ሆኖም «ከእናቴ ጋር ልጹም» ያለ ልጅ በሻይ ቤት መስኮት ቦንቦሊኖ ተደርድሮ ባየ ጊዜ ልቡ መሰረቁ አይቀርም። በሊጡ ውስጥ እንቁላል ወይም ወተት ይግባ አይግባ ደግሞ ከውጭ አይታወቅም። ስለዚህ በቤት መጋገር ይሻላል።

አንዳንድ እመቤቶች ያለ እንቁላልና ያለ ወተት ሊጥ አይለሰልስም ይላሉ። መልሱ በቢቸናና በሞጣ ጓሮ በዚሁ ወራት የሚደርሰው ዱባ ነው። ተቀቅሎ ከላመ በኋላ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ ውሃው ይጨመቅ። ይህ ከታለፈ ሊጡ ይቀጥናል፤ ለማጠንከር ዱቄት ሲጨመርበትም ቦንቦሊኖው ድንጋይ ይሆናል።

ለ4 ብርጭቆ የፉርኖ ዱቄት 1 ብርጭቆ የተጨመቀ ዱባ፥ ግማሽ ብርጭቆ ስኳር፥ 2 የሻይ ማንኪያ ደረቅ እርሾ፥ 3 የሾርባ ማንኪያ የኑግ ዘይትና ጥቂት ጨው ይበቃል። ቅመሙ 1 የሻይ ማንኪያ የተወቀጠ ኮረሪማና የዚያ ግማሽ ቀረፋ ነው፤ ቅርንፉድ ግን ከ2 ፍሬ ካለፈ ሌላውን መዓዛ ሁሉ ይውጠዋል። ለብ ያለ ውሃ በጥቂት በጥቂቱ እየጨመሩ ማሸት ነው። በደጋ ብርድ ሊጡ ቶሎ ስለማይነሣ፥ ከምድጃ አጠገብ ተከድኖ እጥፍ እስኪሆን ይቀመጥ።

ከዚያም እንደ ቀለበት ተሠርቶ፥ የኮባ ቅጠል በተነጠፈበት ምጣድ ላይ ይደርደርና እንደ ድፎ ዳቦ ከላይም ከታችም በመጠነኛ ፍም ይብሰል። በዘይት ከሚጠበሰው ይልቅ ቅርፊቱ ስለሚደርቅ፥ ገና ትኩስ ሳለ ዘይት ተቀብቶ በጨርቅ ይሸፈን። በማግሥቱ ልስላሴው ይቀንሳልና ለዕለቱ የሚበቃውን ብቻ መጋገር ነው።